ጋሽ ሀሜሶን ያዛወርኩበት ቅዳሜ

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው በኋላ ስትደርሱበት እንዳትደነግጡ ብዬ ነው፤ መደንገጡን ለኔ ተዉልኝ። ውሻ እፈራለሁ። ውሻ ሳይኖርበት «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ የተጻፈበትን አጥር ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። ስልክ በማለዳ ሲጮህ እፈራለሁ። አለቃዬ «ደህና ነህ?» ሲለኝ ምን ሰምቶ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ አስቴር «ሌባ የመጣ ቀን መጀመሪያ የምደብቀው አንተን ነው» ትላለች። እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ በአንዲት ጣት ሰው የገደለው ይኼው ፈሪ ነው።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። እዚሁ ሀዋሳ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ፋይል ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ ሳዛውር ፀጉሬ ሸበተ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ጉዳዩ ይፈጸም አይፈጸም፣ ቦታ ቦታውን ከያዘ ያለቀ ይመስለዋል። የእድራችን ሰዎች ይህን በሽታዬን ሙያ ነው ብለው ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። እድሩ ያለው ታቦር ሰፈር ነው፤ እኔ አሁን የምኖረው መናኸሪያ አካባቢ ነው። እድር ግን እንደ ጥርስ ነው፤ ሰፈር ስትቀይር ይዘኸው ትሄዳለህ እንጂ ነቅለህ አትጥለውም።

የእድሩን ደብተር ወደ ላፕቶፕ ያስገባልኝ ብርሃኑ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ። የጫነልኝ ፕሮግራም ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበት ጥቁር ገጽ ነው። ርዕስ ትጽፋላችሁ፤ በርዕሱ ሥር ማስታወሻ ትጽፋላችሁ። ማስታወሻው ቦታው ሌላ ነው ካላችሁ ሁለት ቁልፍ ስትጫኑ «ወዴት ይዛወር?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን የምሰማው በአማርኛ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፋይል ሳዛውር እንዲህ በትሕትና የጠየቀኝ አለቃ አልነበረም። ወደድኩት። አስቴር «ከኔ ጋር እንኳ እንደዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አታውቅም» እስክትል ድረስ ወደድኩት።

ሁለት ፋይል ነበረኝ። አንደኛው የሕያዋን ነው፤ «አባላት»፣ «የታመሙ» እና «የዳኑ» የሚሉ ርዕሶች አሉበት። ሁለተኛው «ያረፉ» ይባላል። ይህ ሁለተኛው ፋይል የእድራችን ንብረት ያዥ የእትዬ ዘነበች ስልክ ላይም እንዲታይ ብርሃኑ አያይዞታል። እትዬ ዘነበችን የማያውቅ የታቦር ሰው የለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። መመሪያቸው አንድ ነው፤ ስም ከገባ ድንኳን ይወጣል። ማጣራት፣ መደወል፣ «እውነት ነው ወይ?» ማለት የለም። «ሐዘንተኛ በር ላይ ድንኳን ዘግይቶ አያውቅም» ብለው ይምላሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ድንኳኑ ቀድሞ ተተክሎ ሟቹን ጠብቋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ማስታወሻ የሚያዛውረው እዚያው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ከታመሙት ወደ ዳኑት ማሻገር ይቻላል፤ ከሕያዋን ፋይል ወደ ያረፉት ግን መንገድ የለም። ሰው ሲያርፍ ስሙን ከዚህ በእጄ አጥፍቼ እዚያ በእጄ መጻፍ ነበረብኝ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ሽማግሌ አባላችን ሲያርፉ «ይህ ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው!» አልኩና ብርሃኑ ዘንድ ደወልኩ።

«የሚዛወርበትን ቦታ ራስህ መወሰን ትችላለህ» አለኝ። «ሁሉንም ፋይል፣ ሁሉንም ርዕስ መዳረሻ አድርገው። ግን ተጠንቀቅ፤ ሳትመርጥ ኢንተር ከተጫንክ መጨረሻ ያዛወርክበት ቦታ ይወስድልሃል። ከፈለግህ 'እርግጠኛ ነህ ወይ?' ብሎ እንዲጠይቅህ ላድርግልህ?»

«መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው እርግጠኛ ነህ ወይ አይባልም» አልኩት።

ይህን ያልኩበትን አፌን እስከ ዛሬ ሳስበው መዳፌን ያልበኛል። በሕያዋንና በሙታን መካከል የነበረውን ግንብ ያፈረስኩት እኔው ነኝ፤ ያውም እየተኩራራሁ። ሽማግሌውን በአዲሱ መንገድ ወደ «ያረፉ» አሻገርኳቸው፤ ተቀበሩ፣ ድንኳኑም በሥርዓቱ ተነሣ።

ጋሽ ሀሜሶ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ሀሜሶ ከታቦር ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እድሩን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስም የድንኳን ተከላ ኃላፊ ነበሩ። ልባቸውን አሟቸው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። እንደ ጸሐፊነቴ ስማቸውን «የታመሙ» ሥር አስገባሁ። ከስማቸው ሥርም ለራሴ «ሄዶ መጠየቅ፤ ሐሙስ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ዘነበ። «ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል» ብዬ እዚያው ሥሩ ጻፍኩ። ቅዳሜ ፕሮግራሙን ሳስተካክል መሸ። ወደሚቀጥለው ሳምንት አዛወርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣ የሆስፒታሉ ሽታ ትዝ አለኝና ፈራሁ። «ሲመች» ብዬ አዛወርኩት። ባዛወርኩ ቁጥር የጠየቅኋቸው ያህል ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ባለቤታቸው ደውለው «ጋሼህ ወጥቷል፤ ሐኪሙ ግን ልቡ ደካማ ነው፣ ድንጋጤ የሚባል እንዳይደርስበት ብሎናል» አሉኝ። ደስ አለኝ። ስለ ጤናቸው ደስ አለኝ፤ ከመሄድ በመገላገሌም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ስማቸውን ከ«የታመሙ» ወደ «የዳኑ» ላሻግር ሁለቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዴት ይዛወር? አለኝ። ዝርዝሩ ረዥም ነው፤ አስቴር ከጓሮ «ዳቦው አለቀ ወይ?» አለችኝ። «አለ!» አልኩና ኢንተር ተጫንኩ። ከዚያ ዳቦ በላሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ጸሐፊው፣ ድንኳኑ ወጥቷል። ነፍሱን ይማርልን። ምን ዓይነት ሰው ነበር!»

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

«አንተ ጽፈህ እኔን ትጠይቀኛለህ? ጋሽ ሀሜሶ ነዋ!»

በመጀመሪያ እውነት ሞቱ ብዬ ክው አልኩ። ቀጥሎ «አንተ ጽፈህ» ያሉት ገባኝ። ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። «ያረፉ» በሚለው ሥር፣ ከተቀበሩት ሽማግሌ ቀጥሎ፣ ጋሽ ሀሜሶ ገቢሶ ተብሎ ተቀምጧል። ያየሁት ፋይሉን አልነበረም፤ ድካም ያለበትን ያን ልብ ነው ያየሁት። ጋሽ ሀሜሶ በር ከፍተው ሲወጡ የራሳቸው የለቅሶ ድንኳን ደጃቸው ላይ ሲተከል ያያሉ። ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። መዝገቡም ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ አልሞቱም! ድንኳኑን ይመልሱት!»

«የጭነት ባጃጁ ከሄደ ቆየ እኮ። ድንኳን ተካዮቹ ልጆች አዲስ ናቸው፣ ስልካቸውን አላውቀውም። ደግሞስ ምን ማለትህ ነው አልሞቱም? እኔ ለሴቶቹ ነግሬ ንፍሮው ተጥዷል!»

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። የባለቤታቸውን ስልክ እየደወልኩ ሮጥኩ፤ አይነሣም። ባጃጅ አስቆምኩና «ታቦር፣ ኮንትራት፣ ቶሎ!» አልኩት። ሾፌሩ «ለቅሶ ነው?» አለኝ። «እንዳይሆን ነው» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ነዳ።

አደባባዩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሁለት ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናቶች እጃቸውን ዘረጉ። ኮንትራት ነው ብዬ ብጮህም ሾፌሩ «ለቅሶ የሚሄድ ሰው አይታለፍም፣ ኃጢአት ነው» ብሎ ጫናቸው።

«የጋሽ ሀሜሶ ቤት አድርሰን ልጄ» አሉት። ገና ሳይቀመጡ እንባቸው ይወርዳል።

«እማማ፣ ጋሽ ሀሜሶ አልሞቱም» አልኩ።

«ዘመዱ ነህ?»

«የእድሩ ጸሐፊ ነኝ።»

«ሞተ ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ላዛውራቸው ብዬ...»

አንደኛዋ እጄን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አልሞተም ስል ነበር።» ሾፌሩም በመስታወቱ እያየኝ «በርታ ብሮ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አለኝ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አዘኑልኝ። ሁለተኛዋ ደረታቸውን እየመቱ «ሆስፒታል ሳለ አንድ ቀን እንኳ ሳልሄድ! ዛሬ ነገ ስል!» አሉ። ከዚያ በኋላ መማል አቆምኩ።

ስንደርስ ድንኳኑ ሁለት ምሰሶ ቆሞለታል። ከምሰሶው አጠገብ፣ ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ ጋሽ ሀሜሶ ቆመዋል።

«የግራውን ገመድ ሳብ እንጂ! ይህ ድንኳን ነው ወይስ የተንዘረፈፈ ቀሚስ? እኛ በነበርንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ድንኳን ሐዘንተኛ ላይ ቢተከል ሟቹ ይቆጣ ነበር!»

ተካዮቹ አያውቋቸውም፤ የተነገራቸው ቤቱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው በበኩላቸው ከጎረቤቶች ጋር በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ፣ እየተነጋገሩ ከቤት ወንበር ያወጣሉ፤ ድንኳኑ ለጎረቤት ለቅሶ የተተከለ መስሏቸዋል። ልክ ነው፣ ቆመው ሳያቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፍርሃቴ ግን እጥፍ ሆነ። የሞተ ሰው አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው የቆመው ነው። የሚያስደነግጣቸው ነገር ደግሞ አሁን ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነው።

«መጣህ?» አሉኝ። «እነዚህ ልጆች ጸሐፊው ነው የሚያውቀው ይሉኛል። ማነው የሞተብን?»

በዚያች ደቂቃ ውስጤ የነበረውን ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። የአባላቱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በሐሳቤ አገላበጥኩት፤ ለጊዜው ማን ቢሞትልኝ ይሻላል ብዬ። አንዱ ሰባት ልጅ ያሳድጋል። አንዷ በሚቀጥለው እሑድ ልጅ ትድራለች። ሊቀመንበሩን አሰብኳቸው፤ እሳቸውን በሐሳብም ቢሆን ፈራኋቸው። ለመሞት የሚሆን አንድ ሰው ጠፋ።

ይሄኔ ሁለቱ እናቶች ከባጃጁ ወረዱ። አንደኛዋ ቀና ብለው ጋሽ ሀሜሶን አዩና «በኢየሱስ ስም!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛዋ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጋሽ ሀሜሶ እናቶቹን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ የራሳቸውን በር አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ...» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ መሬቱ ነው ወደኔ የመጣው።

ስነቃ አግዳሚ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ ከላዬ የድንኳኑ ሸራ ነው። ሞቼ ነው ብዬ አልነበረም የፈራሁት፤ ጋሽ ሀሜሶስ? ብዬ ነው። ቀና ስል አጠገቤ ተቀምጠው በባርኔጣቸው ያራግቡልኛል። የሹራባቸው ቁልፍ በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቁልፍ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

እትዬ ዘነበች ደርሰዋል። ስልካቸውን አፍንጫቸው ሥር ደቅነው «ይኼው! እኔ ከራሴ አላወጣሁም። ስም ከገባ ድንኳን ይወጣል!» ይላሉ።

ጋሽ ሀሜሶ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጋሽ ሀሜሶ ገቢሶ» ብለው አነበቡ። ቁልፏ ከፍ ዝቅ ማለቷን ቀጥላለች።

«ሥሩም ጽሑፍ አለበት» አሉ።

መዝገብ ቤት ስትቀጠሩ መጀመሪያ የምትማሩት ነገር ፋይል የሚዛወረው ከነአባሪው መሆኑን ነው። ይህን ለስንቱ ተለማማጅ አስተምሬያለሁ። ስማቸውን ሳሻግር ከሥሩ የነበረው ሁሉ አብሮ ተሻግሯል። ስልኩን ልቀማ እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ግን ጀምረዋል።

«ሄዶ መጠየቅ፤ ሐሙስ» ብለው አነበቡ፤ እንደ መምህር፣ ረጋ ብለው፣ ድምፃቸው እስከ ዳር እንዲሰማ። «ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል። ሲመች።» መነጽራቸውን አወለቁና ወደኔ ዞሩ። «'ሲመች' የትኛው ቀን ነው?»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን።

«ሐኪሙ የነገረኝ ስለ ድንጋጤ ነበር» አሉ። «ድንጋጤውስ ደህና ነው።»

ይህን ብለው ተነሡ። ተካዮቹ ድንኳኑን ሊያፈርሱ ገመድ ሲፈቱ በከዘራቸው ከለከሏቸው። «ሰው እየመጣ አይደል? ይቀመጥ እንጂ። የግራውን ግን አጥብቀው።»

ሰው መጣ። እንዴት ያለ ሰው መጣ! በባጃጅ፣ በእግር፣ ከገበያ፣ ከቸርች፣ ከሐይቁ ዳር ሳይቀር መጣ። ሁሉም እያለቀሰ ይመጣና በር ላይ ሟቹ ቆመው ሲቀበሉት እንባው ፊቱ ላይ ይደርቃል። አንዱ ከልማዱ «እግዜር ያጥናዎት» አላቸው። «አሜን» አሉት፤ «በኔ ሞት እኔም በጣም አዝኛለሁ።» ንፍሯቸውን ቀመሱና ጨው ያንሰዋል አሉ፤ ባለቤታቸው ጨው በሐኪም ተከልክለሃል ብለው ነጠቋቸው። ሳቁ እስከ ተራራው ተሰማ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ የሹራባቸውን ቁልፍ እየጠበቅኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሞላ ጋሽ ሀሜሶ አጠገቤ ተቀመጡ። «ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ አንድ ወንበር ነበር» አሉ፣ ወደኔ ሳያዩ። «ሦስት ሳምንት ባዶውን ዋለ። ዛሬ እይ፣ አግዳሚው አልበቃም።»

እድሩ ሊሽረኝ ነበር፤ ያስጣሉኝ እሳቸው ናቸው። «ከዚህ በኋላ እሱን የሚያህል ጥንቁቅ አታገኙም» አሏቸው። እውነት ነው። በማግሥቱ «ያረፉ» የሚለውን ፋይል ከመዳረሻዎቹ ዝርዝር አስወጣሁት። አሁን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ በእጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል በፊደል፣ ቤተሰቡ ዘንድ ደውዬ። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» የሚለውንም ለሁሉም ነገር አስከፈትኩት። ለዳቦ ማስታወሻ እንኳ ይጠይቀኛል።

ጋሽ ሀሜሶ ግን ፕሮግራሙን አላመኑትም። በየቀኑ ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ።

«ዛሬ የት ነኝ?»

«አባላት ውስጥ ነዎት ጋሼ።»

«ደህና። እዚያው ተወኝ።»

የማለዳ ስልክ የምፈራው ሰውዬ ይህን ስልክ ለመድኩት። ሲደወል ነው ቁርስ የሚበላልኝ። በየቅዳሜው መጥቼ አይዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ። በሦስተኛው እንግዳ መጣብኝ። በአራተኛው... ድምፃቸውን በየቀኑ እየሰማሁ ምን አስቸኮለኝ? የመሄጃውን ማስታወሻ ልገፋው ስል ፕሮግራሙ «ወዴት ይዛወር?» አለኝ። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጮኸም። አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። አስቴር «ደውልላቸው እንጂ» አለች። ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣም። ዳቦው እጄ ውስጥ ቀረ። ላፕቶፑን እንኳ አልከፈትኩም፤ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ አደባባይ፣ ያ ዳገት። በየማዕዘኑ ድንኳን እንዳላይ ዓይኔን እየጨፈንኩ ሄድኩ። እትዬ ዘነበችን የእድሩ መጋዘን በር ላይ ሳያቸው ልቤ ቆመ፤ ብረት ድስት ነበር የሚያጥቡት፣ የተለመደ ቅዳሜ።

ጋሽ ሀሜሶ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። አጠገባቸው ሌላ ወንበር አለ፤ ባዶ።

«ጋሼ! ምነው? ሳይደውሉ! ስደውልም አያነሡም!»

ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ነጠላ ጫማዬን አዩ።

«ስሞት ማን እንደሚመጣ ያኔ አይቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ሳልሞት ማን እንደሚመጣ ማየት ፈልጌ ነው።»

እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ባዶውን ወንበር በከዘራቸው ወደኔ ገፉት። «በል ተቀመጥ። ዛሬን እንኳ ወደ ነገ አታዛውረኝ።»

ተቀመጥኩ።